ኤስዩቪያችሁ ሲበላሽ ካርድ ከማውጣታችሁ በፊት፦ የዋራንቲ፣ የጥገና ዋጋና የወረቀት ነገር ደረጃ በደረጃ

ሰላም ወገኖች። ይሄን የምጽፈው በተለይ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላላችሁ ነው፣ ሌላ ስቴት ያላችሁም አብዛኛው ይሠራላችኋል፣ የስቴቱ ሕግ ብቻ ነው የሚለያየው። ብዙዎቻችን ኤስዩቪ ነው የምንነዳው፣ ልጆች አሉ፣ በረዶ አለ፣ ስንቶቻችን ደሞ ኡበርና ሊፍት እንሠራበታለን፣ እና መኪናው የሆነ ድምፅ ማሰማት ሲጀምር መጀመሪያ የምናደርገው ለምናውቀው ሀበሻ ሜካኒክ መደወል ነው። በሱ ችግር የለብኝም፣ እኔም የምሄደው እዛው ነው። ግን ኩባንያው በነፃ ሊሠራልን የሚገባውን ከኪሳችን የምንከፍልበት ጊዜ በጣም ብዙ ነው፣ መብቱ እያለን ደሞ ማስረጃ ስለሌለን ብቻ የምንከለከልበትም አለ፣ እና ይሄ ነገር ያንገበግበኛል።

የኔን ልንገራችሁ። ያገለገለ ኦል ዊል ድራይቭ ኤስዩቪ ነበረኝ። ፓርኪንግ ውስጥ መሪውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዤ ቀስ ብዬ ስዞር ከኋላ በኩል ግር ግር ግር ይላል፣ አንድ ሰው ከሥር ያዝ ለቀቅ የሚያደርገው ነው የሚመስለው። ማይሉ 57,000 አካባቢ ሆኖ ዲለር ወሰድኩት። ሰርቪስ አድቫይዘሩ (ደንበኛ የሚቀበለው ሠራተኛ) አብሮኝ አንድ ዙር ነዳና "ኖርማል ነው" ብሎ ጨብጦ ሸኘኝ፣ ወረቀት አልሰጠኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። 61,400 ላይ ሲብስበት ተመልሼ ሄድኩ፣ "የፓወርትሬይን (የሞተርና የካምቢዮ) ዋራንቲህ 60,000 ላይ አልቋል፣ 2,900 ዶላር ነው" አሉኝ። በፊት መጥቼ ነበር'ኮ ብል ኮምፒውተራቸው ላይ ምንም የለም። ያዳነኝ ምን መሰላችሁ፣ ያኔ "መኪናህ ዝግጁ ነው፣ መጥተህ ውሰድ" ብለው የላኩልኝ ቴክስት ስልኬ ውስጥ ከነቀኑ ተቀምጦ ነበር። እሱን ይዤ ዋናው አምራች ኩባንያ ጋ ደውዬ፣ ሦስት ሳምንት ተመላልሼ፣ እቃውን እነሱ የእጅ ዋጋውን እኔ እንድንችል ተስማማን። ያን ቀን አንድ ወረቀት ጠይቄ ቢሆን ኖሮ አንድ ዶላር አልከፍልም ነበር።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን በተርታ ተከተሉ።

1. መጀመሪያ መኪናው መነዳት ይችላል ወይ?

ቼክ ኢንጂን መብራት ሳይብለጨለጭ ዝም ብሎ በርቶ ከሆነና መኪናው እንደ ድሮው የሚሄድ ከሆነ አትደንግጡ፣ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ አስዩት። ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ግን ሞተሩ እየዘለለ ነው፣ አንዱ ሲሊንደር በትክክል አያቃጥልም ማለት ነው፣ ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው እየሄደ ካታላይዘሩን (ጭሱን የሚያጣራውን እቃ) ያጋየዋል፣ በአንድ ኮይል (ለካንዴላው እሳት የሚሰጥ እቃ) የሚያልቀው ችግር እጅግ ውድ ወደሆነው እቃ ይተላለፋል። ጋዝ ቀንሳችሁ ዳር ያዙና አቁሙ። ቀይ የዘይት ጣሳ ምልክት ከበራ ወይም የሙቀት መለኪያው ወደ ቀዩ ከወጣ ደሞ "ቤት ላድርሰው" የሚባል ነገር የለም፣ ወዲያው ሞተር አጥፉ፣ ቶው ጥሩ። የብዙ መኪና ኢንሹራንስ ላይ ሮድሳይድ አለ፣ አዲስ መኪና ላይም ከዋራንቲው ጋር አብሮ የሚሰጥ አለ፣ ከኪሳችሁ ከመክፈላችሁ በፊት እዩት።

2. ኮዱን እናንተ ራሳችሁ አንብቡ

ከ1996 ሞዴል ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የተሸጠ መኪና ሁሉ ከመሪው ሥር ኦቢዲ ቱ የሚባል መሰኪያ አለው። አውቶዞን በነፃ ያነብላችኋል፣ ካልሆነም በ20 እና 30 ዶላር የሚገዛ ማንበቢያ መኪና ውስጥ ይኑራችሁ። ኮዱን በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ማይሉ የሚታይበት ሌላ ፎቶም አንሱ።

ግን ኮድ ማለት ይሄ እቃ ይቀየር ማለት አይደለም፣ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚበላው። ፒ0420 ሲመጣ "ካታላይዘርህ ሞቷል" ይባላል፣ የጭስ መስመሩ የሚያፈስበት ቦታ ሊኖር ይችላል፣ ኦክስጅን ሴንሰሩም ሊሆን ይችላል። ፒ0455 ብዙ ጊዜ የቤንዚን ታንኩ ክዳን በደንብ ስላልተጠበቀ ነው። ፒ0301 ከሆነ አንደኛው ሲሊንደር እየዘለለ ነው፣ ይሄን እጃችሁ ትንሽ ከለመደ ራሳችሁ ማረጋገጥ ትችላላችሁ፦ ሞተሩ ቀዝቅዞ ጠፍቶ እያለ የአንደኛውን ሲሊንደር ኮይል ፈታችሁ ሁለተኛው ላይ ትሰካላችሁ፣ የሁለተኛውን አንደኛው ላይ፣ ኮዱን ሰርዛችሁ ትንሽ ትነዳላችሁ። ኮዱ ወደ ፒ0302 ከዞረ ኮይሉ ነው የሞተው፣ ቦታው ላይ ከቀረ ካንዴላው ወይም ሌላ ነገር ነው። ለዚህ ማንም ሰው ብር መቀበል የለበትም።

አንድ ነገር ደሞ፣ ለኢሚሽን (ለጭስ ምርመራ) ወይም ለኢንስፔክሽን ስትሄዱ መብራቱ እንዲጠፋ ብላችሁ ባትሪ አትንቀሉ። የኮምፒውተሩ የራሱ ምርመራ ሁሉ ይሰረዛል፣ ኢሚሽን ጣቢያው "ሬዲ አይደለም" ብሎ ይመልሳችኋል፣ ከዛም አልፎ ዲለሩ ሊያየው የሚችለውን ማስረጃ በእጃችሁ አጠፋችሁት ማለት ነው።

3. ቪኑን አስገቡና ሪኮል ካለ እዩ

ቪን ማለት 17 ፊደልና ቁጥር ያለው የመኪናው መታወቂያ ነው፣ የፊት መስታወቱ ሥር በሹፌሩ በኩል ወይም የሹፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ ታገኙታላችሁ። የፌደራሉ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ኤንኤችቲኤስኤ ዌብሳይት ላይ አስገቡት፣ ያልተሠራ ሪኮል፣ ማለትም ለደህንነት ችግር ኩባንያው መኪናውን መልሱልኝ ልሥራው ያለበት ጥሪ ካለ ያወጣዋል። ሪኮል በነፃ ነው የሚሠራው፣ ዋራንቲ አለቀ አላለቀ፣ ስንተኛ ባለቤት ሆናችሁ አልሆናችሁ አይመለከተውም፣ ሪኮሉ ሲታወጅ መኪናው መጀመሪያ ከተሸጠ 15 ዓመት ካላለፈው ኩባንያው በነፃ የመሥራት ግዴታ አለበት።

ከሪኮል ሌላ ሁለት ነገር አለ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው ይሄን ነው። አንደኛው ቲኤስቢ ይባላል፣ ኩባንያው ለዲለሮች "እንዲህ ያለ ችግር ሲመጣ እንዲህ ሥሩ" ብሎ የሚልከው ጽሑፍ ነው። በራሱ ነፃ አያደርግላችሁም፣ ግን ዲለሩ "ኖርማል ነው" ሲላችሁ ቲኤስቢውን ፕሪንት አድርጋችሁ ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጡ ወሬው ይለወጣል። ሁለተኛው የተራዘመ ሽፋን ነው። ለምሳሌ ኒሳን ከ2014 እስከ 2018 ላለው ሮግ የሲቪቲ ካምቢዮውን (እንደ ተለመደው ማርሽ የሌለው አውቶማቲክ) ሽፋን ከ60,000 ማይል ወደ 84,000 ማይልና 84 ወር አራዝሞ ነበር። ሆንዳ የ2017 እና 2018 ሲአርቪ 1.5 ቱርቦ ሞተር ዘይቱ ውስጥ ቤንዚን እየገባ ስላስቸገረ የፓወርትሬይኑን ሽፋን ወደ 6 ዓመት ያለ ማይል ገደብ አራዝሞ ነበር። ሃዩንዳይና ኪያ ደሞ ቴታ ቱ የሚባለው ሞተር ያለባቸው የተወሰኑ ሳንታ ፌ ስፖርት፣ ቱሳን፣ ስፖርቴጅና ሶሬንቶ ላይ በኮኔክቲንግ ሮድ ኩሽኔታ ምክንያት ሞተሩ ቢሞት የዕድሜ ልክ ሽፋን ሰጥተዋል፣ ግን ኖክ ሴንሰር የሚባለውን የሶፍትዌር አፕዴት ማሠራት አለባችሁ፣ እሱም በነፃ ነው።

ደብዳቤው የሚላከው ኩባንያው ጋ ባለው አድራሻ ነው። መኪናውን ሰከንድ ሃንድ ገዝታችሁ ከሆነ ደብዳቤው የቀድሞው ባለቤት ቤት ሄዶ ቆሻሻ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ደብዳቤ አልመጣልኝም ማለት ሽፋን የለኝም ማለት አይደለም፣ ቪኑን ይዛችሁ ዲለር ሰርቪስ ክፍል ደውሉና "የተራዘመ ሽፋን አለው ወይ፣ መኪናው ሥራ የጀመረበት ቀንስ መቼ ነው" በሏቸው። ይሄ ቀን ወሳኝ ነው፣ የዋራንቲው ዓመት የሚቆጠረው እናንተ ከገዛችሁበት ሳይሆን የመጀመሪያው ባለቤት ከተረከበበት ቀን ነው።

4. የትኛው ዋራንቲ ነው የሚመለከታችሁ?

ቶዮታ፣ ሆንዳና ኒሳን አጠቃላዩ ሽፋን 3 ዓመት ወይም 36,000 ማይል፣ ፓወርትሬይን የሚባለው ማለትም ሞተር፣ ካምቢዮ፣ ዲፈረንሻል ምናምን 5 ዓመት ወይም 60,000 ማይል ነው፣ ቀድሞ የሞላው ይቆጠራል። ሃዩንዳይና ኪያ ፓወርትሬይን 10 ዓመት ወይም 100,000 ነው ብለው ያስተዋውቃሉ፣ እውነት ነው፣ ግን ለመጀመሪያው ባለቤት ነው። ከግለሰብ ወይም ከተራ ዲለር ያገለገለ ስትገዙ ወደ 5 ዓመትና 60,000 ይወርዳል። 10 ዓመቱን አምኖ ከፍ ያለ ዋጋ ከፍሎ የገዛ ስንት ወንድም አውቃለሁ መሰላችሁ። የ2020 እና ከዛ በኋላ ሞዴል ራቭ ፎር ሃይብሪድ ካላችሁ ትልቁ ባትሪ 10 ዓመት ወይም 150,000 ማይል ይሸፈናል።

ማንም የማይነግራችሁ ደሞ የፌደራል የኢሚሽን ዋራንቲ ነው፦ ካታላይዘሩና ዋናው ኮምፒውተር 8 ዓመት ወይም 80,000 ማይል ድረስ በሕግ ተሸፍነዋል። መኪናው 70,000 ላይ ሆኖ "ካታላይዘር ይቀየር" ከተባላችሁ ጋራዥ አትክፈሉ፣ ቀጥታ ዲለር።

የፍሬን ሸራ፣ ጎማ፣ መጥረጊያ፣ እነዚህ በአገልግሎት ሲያልቁ የመኪናው ዋራንቲ አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍናቸውም።

አሁን የኡበር ወንድሞችና እህቶች እዚህ ጋ ቆም በሉ። የዋራንቲውን ቡክሌት ስትገልጡ ለንግድ ሥራ የዋለ መኪና የሚል መስመር ፈልጉ። የሃዩንዳይ የ10 ዓመቱ ሽፋን ላይ ታክሲና ዴሊቨሪ ዓይነት ሥራ አይሸፈንም ተብሎ ተጽፏል፣ ከሌላ ቦታ የሚገዙት የተራዘመ ኮንትራቶችም አብዛኞቹ እንደዛ ናቸው። መኪና ከመግዛታችሁ በፊት ነው ይሄን ማንበብ ያለባችሁ። መስታወት ላይ ስቲከር ለጥፎ ዲለር ገብቶ "ለቤተሰብ ነው" ማለት አያዋጣም፣ በዓመት 50,000 ማይል የነዳ መኪና ራሱ ይናገራል፣ ውሸት ከተገኘ ደሞ ሊሸፈን የሚችለውም ይቀራል።

5. ዲለር ጋ ስትሄዱ አነጋገራችሁ

እኛ ሀገር ሜካኒክ ጋ ሄዶ "ጋሼ፣ የሆነ ድምፅ አለው እስቲ እየው" ማለት በቂ ነው፣ ቃል ቃል ነው። እዚህ ግን ያልተጻፈ ነገር አልተባለም። ሪፔር ኦርደር የሚባለው ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ይጻፋል፦ እናንተ ያላችሁት፣ እነሱ ያገኙት፣ የሠሩት። የመጀመሪያው የናንተ ነው፣ ራሳችሁ በቃላችሁ አስጽፉት። "ካምቢዮው ችግር አለው" አትበሉ፣ ይሄ ምርመራ ነው፣ የነሱ ሥራ ነው። "ሞተሩ ሲሞቅ፣ ከ20 እስከ 40 ማይል ባለው ፍጥነት ዳገት ላይ ቀስ ብዬ ጋዝ ስሰጥ ይንቀጠቀጣል" በሉ። መቼ፣ በስንት ፍጥነት፣ ቀዝቅዞ ወይስ ሞቆ፣ ቀጥታ ወይስ ሲዞር። ድምፁን በስልክ ቪዲዮ ቅዱትና አሰሙት፣ ከቻላችሁ ቴክኒሻኑን ራሱን አስቀምጣችሁ ንዱለት፣ አድቫይዘሩ ሜካኒክ አይደለም።

ምንም አላገኘንም ቢሏችሁ እንኳን ወረቀቱን ሳትይዙ አትውጡ። ቀን፣ ማይል፣ ያላችሁት፣ "ችግሩ አልታየም" የሚለው፣ ሁሉም ይጻፍ። ይሄ ወረቀት ችግሩ ዋራንቲው ሳያልቅ መጀመሩን ያሳያል፣ በኋላ ላይ ሁለት ሺህና ሦስት ሺህ ዶላር የሚያድንላችሁ እሱ ነው። እንግሊዝኛ ካስቸገራችሁ ቤት ቁጭ ብላችሁ ልጆቻችሁን አጽፉና ፕሪንት አድርጋችሁ ስጧቸው፣ "ይሄን እንዳለ አስገባው" በሉት።

ዘይት የሚበላ ሞተር ከሆነ ደሞ የዘይት ፍጆታ ምርመራ እንዲጀምሩላችሁ ጠይቁ። ዘይቱን ለክተው ይዘጉታል፣ 1,000 ማይል አካባቢ ነድታችሁ ትመለሳላችሁ፣ ምን ያህል እንደጎደለ ይለካል። በመሀል መሙላት ሊያስፈልግ ስለሚችል ዘንጉን እያወጣችሁ እዩ፣ ዘይት አልቆ ሞተር ቢነክስ እናንተ ናችሁ ጥፋተኛ የምትባሉት።

ዘይት የት እንደምታስቀይሩ የናንተ ምርጫ ነው። በ1975 የወጣው ማግነሰን ሞስ የሚባለው የፌደራል ሕግ "እኛ ጋ ካላስቀየርክ ዋራንቲህ ይሰረዛል" ማለትን ይከለክላል። ሀበሻ ጋራዥ ማስቀየር ትችላላችሁ፣ ቤትም መቀየር ትችላላችሁ። ግን ደረሰኝ! በካሽ 50 ዶላር ለወንድማችን ሰጥተን፣ ቡና ጠጥተን፣ ተሳስቀን እንለያያለን፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ሞተሩ ሲሞት ኩባንያው "የዘይት ታሪክህን አምጣ" ሲል እጃችን ባዶ ነው። ስለዚህ ቀን፣ ማይል፣ ቪን፣ የዘይቱ ዓይነት ያለበት ወረቀት ጻፍልኝ በሉት፣ አያፍርባችሁም እናንተም አትፈሩት። ቤት የምትቀይሩ የዘይቱንና የፊልትሮውን ደረሰኝ ከማይሉ ፎቶ ጋር አስቀምጡ። እኔ ስልኬ ላይ ለመኪናው አንድ አልበም ከፍቻለሁ፣ ሁሉም እዛ ነው የሚገባው።

6. ዋራንቲ ከሌለ ዋጋውን እንዴት ትመዝኑታላችሁ

ኢስቲሜት በጽሑፍ ጠይቁ፣ ሰዓት፣ የሰዓቱ ዋጋ፣ እቃ፣ ታክስ ተለይቶ። የእጅ ሥራው የሚሰላው ጋራዦች በሚጠቀሙበት የሥራ ሰዓት መጽሐፍ ላይ ባለው ሰዓት ነው፣ ስለዚህ ሁለት ጋራዥ ለአንድ ሥራ በጣም የተራራቀ ሰዓት ከነገሯችሁ ወይ አንዱ ሌላ ነገር ጨምሯል ወይ አልገባውም። እቃው ኦሪጅናል ነው፣ አፍተርማርኬት ነው፣ ወይስ ከተፈታ መኪና የወጣ? እቃውና እጁ ስንት ወር ዋስትና አለው? ቨርጂኒያም ሜሪላንድም ውስጥ የጽሑፍ ኢስቲሜት ከያዛችሁ ያለ ናንተ ፈቃድ ከ10 ፐርሰንት በላይ መጨመር አይችሉም። የወጣውን አሮጌ እቃ አሳዩኝም በሉ፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ተናገሩ።

ካምቢዮ ይቀየር ከተባላችሁ ቸኩላችሁ እሺ አትበሉ። መጀመሪያ ዘይቱ ታይቷል ወይ? ቀለሙ ጠቁሯል፣ የተቃጠለ ሽታ አለው? ሲቪቲ ከሆነ የራሱ ዘይት ብቻ ነው የሚገባው፣ የሌላ ካምቢዮ ዘይት ከገባበት እሱ ነው የሚገድለው። ኦል ዊል ድራይቭ ላይ ደሞ ጎማዎቹን እዩ፣ ሦስት አሮጌ አንድ አዲስ ጎማ ካለ የአንዱ ዙር ስለሚለይ ከኋላ ያለው፣ ኃይል ወደ ኋላ ጎማዎች የሚያስተላልፈው ኩፕሊንግ ሁልጊዜ እየተሻሸ ይሞቃል። አንድ ጎማ በ150 ዶላር ቀይሮ ዲፈረንሻሉን ያስበላ ሰው አውቃለሁ፣ ቀሪዎቹ ካልተበሉ አንድ መቀየር ይቻላል፣ በጣም ከተበሉ ግን አራቱንም።

7. የተራዘመ ዋራንቲ ልግዛ ወይ?

"የመኪናህ ዋራንቲ ሊያልቅ ነው" ብሎ በሚደውል ሁሉ ላይ ስልኩን ዝጉበት፣ ቁጥርም ካርድም አትስጡ። ዲለር ፋይናንስ ክፍል የሚሸጡት ሌላ ነገር ነው፣ እዛ የሚሸጠው ሰርቪስ ኮንትራት ነው፣ ዋጋው ይደራደራል፣ በዛ ቀን ካልፈረማችሁ የሚያመልጣችሁ ነገር የለም። ከመፈረማችሁ በፊት ሙሉውን ኮንትራት ስጡኝ ብላችሁ ቤት ውሰዱ፦ የሚሸፈነው የተዘረዘረው ብቻ ነው ወይስ ካልተጠቀሰው በቀር ሁሉም? የትም ጋራዥ ይሠራል? ኡበር ይፈቅዳል? ሞተሩ ተፈቶ እንዲታይ ከተባለ የመፍቻውን ማን ይከፍላል? ብሰርዘው ቀሪው ብር ይመለሳል ወይ? እና ገዝታችሁ ከሆነ፣ የኮንትራቱ ድርጅት ሳይፈቅድ ጋራዡ ሥራ እንዳይጀምር፣ ከተጀመረ በኋላ ነው ብዙ ሰው የሚከለከለው።

8. እምቢ ካሉ

መጀመሪያ ዲለሩን ትታችሁ ዋናው አምራች ኩባንያ የደንበኛ ክፍል ደውሉ፣ የኬዝ ቁጥር ተቀበሉ፣ የሰውየውን ስምና ሰዓቱን ጻፉ። ዋራንቲው ካለቀ ትንሽ ማይል ወይም ትንሽ ወር ብቻ ካለፈው "ጉድዊል" ጠይቁ፣ በዚሁ ስሙ ያውቁታል። ግዴታቸው አይደለም፣ ግን በትህትና፣ ከነደረሰኛችሁ ስትጠይቁ ግማሹን ወይ እቃውን ይችላሉ፣ ለኔ እንደቻሉልኝ።

መኪናው አዲስ ከሆነ የለመን ሕግ (ተሠርቶ የማይስተካከል አዲስ መኪና የገዛን ሰው የሚጠብቅ የስቴት ሕግ) አለ። ቨርጂኒያ ከተረከባችሁ 18 ወር ውስጥ ለአንድ ችግር ሦስት ጊዜ ወይም ከዛ በላይ ገብቶ ካልተስተካከለ፣ ወይም በድምሩ 30 ቀን ጋራዥ ከቆመ፣ ሜሪላንድ ደሞ 24 ወር ወይም 18,000 ማይል ውስጥ አራት ጊዜ ከገባ ወይም 30 ቀን ከቆመ፣ መኪናውን እንዲቀይሩ ወይም ብራችሁን እንዲመልሱ መጠየቅ ትችላላችሁ። የፍሬንና የመሪ ችግር ላይ አንድ ጊዜ መግባቱ ሊበቃ ይችላል። ለኩባንያው በሪኮማንዴ ደብዳቤ ማሳወቅ አለባችሁ፣ እዚህ ላይ ጠበቃ አናግሩ፣ ካሸነፋችሁ የጠበቃውን ኩባንያው እንዲከፍል ሕጉ ስለሚፈቅድ ብዙዎቹ በቅድሚያ አያስከፍሉም።

ያገለገለ መኪና ከዲለር ገዝታችሁ ከሆነ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ የነበረውን ባየርስ ጋይድ የሚባል ወረቀት አውጡ፣ የኮንትራቱ አካል ነው። "አዝ ኢዝ" (እንዳለ፣ ያለ ዋስትና) ላይ ምልክት ቢደረግም ሜሪላንድ ውስጥ ዲለር እንደዛ መሸጥ የሚችለው ከ6 ዓመት በላይ የሆነውንና ከ60,000 ማይል በላይ የሄደውን ብቻ ነው።

ገንዘቡ ከ5,000 ዶላር ካልበለጠ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ስሞል ክሌም (የአነስተኛ ገንዘብ ክርክር) ፍርድ ቤት ያለ ጠበቃ መክሰስ ትችላላችሁ፣ ዲሲ እስከ 10,000 ነው። የያዛችኋቸውን ወረቀቶች በቀን ቅደም ተከተል ሦስት ኮፒ አድርጉ፣ አንዱ ለዳኛ፣ አንዱ ለነሱ፣ አንዱ ለናንተ። አማርኛ አስተርጓሚ ፍርድ ቤቱ በነፃ ያቀርባል፣ ግን ቀድማችሁ ፎርሙን መሙላት አለባችሁ፣ በቀጠሮው ቀን ጠዋት ስትደርሱ ብትጠይቁ ቀጠሮው ይራዘማል።